ካርታው በማን እጅ ይሁን?
(ላለፈው እትም ጽሑፍ የተሰጠ መልስ)

ባለፈው እትም «ስደተኛና ካርታ ምንና ምን ናቸው?» ሲሉ የጻፉት ወንድማችን ብዕራቸው ስል ነው። ጽሑፋቸው በእጅ እየተገለበጠ ከካኩማ አንድ እስከ ካኩማ አራት ደርሷል፤ በየቡና ቤቱም አስቆናል። ማሳቁንስ አሳቀን፤ አላሳመነንም። ሐሳባቸው ሲጨመቅ ሦስት ነገር ይወጣዋል። ካርታ አገር ላለው ሰው ነው፤ ካርታ የሚያነሣ ሁሉ ወይ ሊቈጥረን ወይ ሊያፈርሰን የመጣ ነው፤ ልጆቻችን ስልክ ይዘው በየብሎኩ እየዞሩ ቧንቧና መጸዳጃ መመዝገባቸው ሥራ መፍታት ነው። ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ እውነት አለ፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ሁለቱ ግን ሰው የሚያስገድሉ ናቸውና በሳቅ ሊታለፉ አይገባም።

በመጀመሪያ «አገር ላለው» የሚለውን እንያዝ። ይህ ካምፕ የተቋቋመው በ1992 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በዚያ ዓመት እዚህ የተወለደ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ነው። ካሎቤዬ በ2016 ተጨመረች፤ እሷም አሁን አሮጊት ሆናለች። አገር አለን ወይስ የለንም የሚለውን በሌላ ቀን እንከራከር። ታራች ሲሞላ ግን መታወቂያ አይጠይቅም። ላጋው ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና፣ እኛ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወደ ላይኛው አገር የጣለውን ዝናብ ተሸክሞ በጠራ ሰማይ ይመጣል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት አባቶች ይህን ላጋ ያዩት ይመስላል። ዳዳብ ያሉ ወገኖቻችንም በ2023 መጨረሻ በኤልኒኞ ዝናብ፣ ደግሞም በ2024 በልግ በጎርፍ ከቤታቸው ወጥተዋል፤ በሁለተኛው ብቻ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ተፈናቅሏል። ከስደት ላይ ስደት ማለት ይህ ነው። ጎርፉ የሚያልፍበት መስመር በየዓመቱ ያው ነው። የሚያውቁትም ሰዎች አሉ፤ እዚያው አጠገቡ ይኖራሉ። የጠፋው ነገር ያ ዕውቀት ከአንድ ሰው ጭንቅላት ወጥቶ አዲስ ለመጣው ጎረቤት የሚታይበት ቦታ ነው።

ካርታ «የት ናችሁ?» ለሚል ሰው የሚሰጥ መልስ ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም። ባለፈው የዝናብ ወራት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ጎረቤቴን ምጥ ያዛት። ስልክ ተደወለ፤ ተነሣ፤ እስከዚህ ድረስ ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ይኸውላችሁ። ብሎክ ስንት? ነገርናቸው። አሮጌው ቁጥር ነው ወይስ አዲሱ? አላወቅንም። ከምን አጠገብ? ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን? ከወፍጮው ዝቅ ብሎ። ከየትኛው ወፍጮ? ሾፌሩ ለካምፑ አዲስ ነበር፤ አልወቅሰውም። መብራቱን እያብለጨለጨ ከላጋው ማዶ ቆመ፤ እኛ እናየዋለን፤ እሱ አያየንም፤ መሻገሪያው የት እንደሆነ ማንም አልነገረውም። በመጨረሻ የቆርቆሮውን በር ከማጠፊያው ነቅለን እሷን በላዩ አስተኝተን ተሸከምናት። ልጁ የተወለደው አሸዋው ላይ ነው። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ይህ ግን የፈጣሪ ቸርነት ነው፤ የማንም ድርጅት ሪፖርት ውስጥ «የተሳካ አገልግሎት» ተብሎ እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

ወንድማችን ሥራ መፍታት ያሉት ነገር ያችን ሌሊት ምን ይለውጥ ነበር? በእያንዳንዱ የቦኖ ውኃ ላይ ትልቅ ቁጥር በቀለም ተጽፎ ቢሆንና ያው ቁጥር በሾፌሩ ስልክ ውስጥ ካለው ካርታ ጋር ቢገጥም፣ «ከቦኖ 14 አጠገብ ነን» ብሎ መናገር ይበቃ ነበር። መሻገሪያውም ምልክት ይኖረው ነበር። አዲስ ሾፌርና ለሃያ ዓመት እዚህ የነዳ ሾፌር ያኔ ብዙም አይለያዩም።

ነገሩ ውድ ወይም ረቂቅ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። በኪሳችን ያለው ተራ ስማርትፎን የጂፒኤስ መቀበያ አለው። መቀበያው ከሳተላይቶች የሚመጣውን ምልክት ያዳምጣል፤ ራሱ ወደ ሰማይ ምንም አይልክም። ስለዚህ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ዳታ ቢያልቅ፣ ሲም ካርድ ባይኖርበትም እንኳ የቆማችሁበትን ቦታ ይነግራችኋል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር፤ ያንን በሜይ 2000 አቆመ። ቀድሞ ስሕተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርስ ነበር። ዛሬ ገላጣ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ስልኩ አምስት ሜትር ያህል ተጠግቶ ይነግረዋል። በካምፕ ልክ ስንመዝነው መቶ ሜትር ማለት ሌላ ብሎክ፣ ሌላ ቋንቋ ነው፤ አምስት ሜትር ደግሞ ደጃፍ ነው። ቆርቆሮ ሥር ሲሆን ይሳሳታልና ወጣ ብሎ ጥቂት መታገሥ ነው። የሚሰበሰበው ነጥብ የሚቀመጥበት ካርታም አለ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ይሉታል፤ በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ነው፤ ማንም ይጨምርበታል፣ ማንም ያለ ክፍያ ይወስደዋል፣ ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ከተጫነም በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

«የፈረንጅ ሥራ» የተባለውንም እንየው። በጃንዋሪ 2010 ሄይቲ በምድር መንቀጥቀጥ ስትፈርስ፣ ዋና ከተማዋ ፖርቶ ፕሪንስ ለነፍስ አድን ሠራተኛ የሚበቃ ካርታ አልነበራትም። በመቶ የሚቈጠሩ በጎ ፈቃደኞች በየአገራቸው ተቀምጠው የሳተላይት ፎቶ እያዩ በጥቂት ሳምንታት መንገዱንና ቤቱን አነሡ። መልካም አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በ2014 የቀይ መስቀል ማኅበራትና ድንበር የለሽ ሐኪሞች አብረው ሚሲንግ ማፕስ የሚባለውን ሥራ ጀመሩ፤ አደጋ ከመድረሱ በፊት ካርታ የሌላቸውን ቦታዎች ማንሣት ነው ዓላማው። ግን ከሩቅ የሚሥል ሰው ምን ያያል? ጣራ ያያል። ጣራው ትምህርት ቤት ይሁን የፍየል በረት አያውቅም። የብሎኩን ስም ሰማይ ላይ ማንም አልጻፈለትም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ በበረሃ አገር የደረቀ ላጋ ከላይ ሲታይ ነጭ፣ ሰፊ፣ ያማረ መንገድ ይመስላል። እንዲያውም በበጋ መኪና ይሄድበታል። በዚያ ካርታ ተመርቶ በዝናብ ወር አምቡላንስ የሚነዳ ሰው ምን እንደሚያገኘው አንባቢ ያስበው።

ስለዚህ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ። እሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ኬንያ ውስጥ ኪቤራን ተመልከቱ። ያ ሁሉ ሕዝብ በናይሮቢ መኻል ሲኖር በካርታ ላይ ሰፈሩ ባዶ ቦታ ነበር። በ2009 የሰፈሩ ልጆች፣ አሥራ ሦስት ወጣቶች፣ የጂፒኤስ መሣሪያ ይዘው መንደሩን በእግራቸው ዞሩት፤ ክሊኒኩን፣ ውኃ መሸጫውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ጨለማ የሆነውን መንገድ መዘገቡ። ማንም ደኅና ቤት ሰጥቷቸው አልነበረም፤ የመሬት ባለቤትነት ወረቀትም አልነበራቸውም። አገር እስኪኖረን እንጠብቅ አላሉም።

የዳሬ ሰላሙ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ጠላቱ ውኃ ነውና። በዲሴምበር 2011 ከተማዋን ጎርፍ መትቶ ከ40 በላይ ሰው ገደለ። በ2015 «ራማኒ ሁሪያ» የሚባል ሥራ ተጀመረ፤ በስዋሂሊ «ክፍት ካርታ» ማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የየሰፈሩ ነዋሪዎች አብረው በጎርፍ የሚጠቁትን ቀበሌዎች ዞሩ። የቦዩን ስፋትና ጥልቀት ለኩ፤ በቆሻሻ የተደፈነውን ለዩ፤ ከዚያ ነዋሪውን «ውኃው እስከየት መጣ?» ብለው ጠየቁ። አንዷ ጉልበቷን፣ ሌላው የበሩን መቃን ያሳያል። ያ ጉልበት ቁጥር ሆኖ ካርታው ላይ ገባ። የትንንሾቹን ሰፈሮች ድንበርማ ከየሰፈሩ ሽማግሌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹን ይዘው በእግር እየሄዱ አሠመሩት። ይህን ሥራ የትኛው ፈረንጅ ሎንዶን ተቀምጦ ሊሠራው ይችላል?

ሎንዶን ካልን ዘንድ አንድ የቆየ ነገር ልጨምር። በ1854 እዚያ ኮሌራ ገብቶ አንድ ሰፈር ሲያልቅ፣ ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ ምልክት አደረገና በአንድ የውኃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችተው አገኛቸው። የሐኪሙ ስም በዓለም ገነነ። ሄንሪ ኋይትሄድ የሚባለውን የሰፈሩን ቄስ ግን ጥቂቶች ያውቁታል። ቄሱ በመጀመሪያ የሐኪሙን ሐሳብ አልተቀበለም ነበር፤ ምእመናኑን ቤት ለቤት እየጠየቀ ሊያፈርሰው ተነሣ፤ ጠይቆ ሲጨርስ ግን ማስረጃው ወደ ሐኪሙ አደላ። መጀመሪያ የታመመችውን ሕፃንም ያገኘ እሱ ነው። ተጠራጣሪ ሰው እንደዚህ ሲሆን ደስ ይላል። ኮሌራ ዳዳብን በ2015 እንደጎበኘ፣ ከዚያ በኋላም እንደተመለሰ እናውቃለን፤ የእኛን ቦኖዎች አያውቃቸውም የሚል ካለ እጁን ያንሣ።

አሁን ወደ ወንድማችን ሁለተኛ ነጥብ። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ይህን የማይል የካርታ ወዳጅ ካለ ወይ የዋህ ነው ወይ ደመወዝተኛ። በጁን 2021 ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣውን አንብቡ፤ በባንግላዴሽ የተመዘገቡ የሮሂንጊያ ስደተኞች መረጃ ሸሽተውት ለመጡት ለምያንማር መንግሥት ተላልፏል፤ ብዙዎቹም ይህ እንደሚሆን አልተነገራቸውም ነበር። እኛም ከማን እንደሸሸን ለየራሳችን እናውቃለን። በ2025 ደግሞ እዚሁ የምግብ ዕርዳታ ሲቀነስና ቤተሰብ በምድብ ሲከፋፈል ምን እንደተሰማን አልረሳነውም። ቤቱ በር ላይ ስልክ ይዞ የቆመን ወጣት አይቶ «ደግሞ ከየትኛው ምድብ ልታስገባኝ ነው?» የሚል አባወራ ዕብድ አይደለም፤ ልምድ ያለው ሰው ነው።

ግን ከዚህ የሚመጣው መደምደሚያ «ካርታ አይኑር» ነው እንዴ? እነሱ እንደሆነ ካርታቸውን አላቸው። ከላይ በድሮን ያነሡታል፣ በሳተላይት ያዩታል፤ ፈቃዳችንን አልጠየቁም፣ እምቢታችንም አያስቆማቸውም። እምቢ ብንል የሚቀረው የእኛው ካርታ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቢሮ ጉዳይ ይዤ ገብቼ ሳለሁ የካምፑን ካርታ ግድግዳ ላይ አየሁት። ባለቀለም ነው፤ ውብ ነው። የእኛ ብሎክ ያለበትን ጥግ ፈለግሁ፤ የድርጅቶቹ ዐርማ ተደርድሮበታል። ፎቶ ላንሣ ብዬ ብጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልሁ። የምኖርበት ቤት የውስጥ ሰነድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የምንከራከርበት ነጥብ እንግዲህ ይህ ነው፦ ምን ይግባ፣ ምን አይግባ፣ ማን ይያዘው። በእኔ አቋም የሰው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ የማን ቤት ስንት ሰው እንደሚበላ፣ ከዚህ አንዱም ካርታው ላይ አይግባ። የተደፈሩ ሴቶች የሚጠለሉበት ቦታ አይግባ፤ ለዚያ ቤት መደበቁ ነው ጥበቃው። የሚግባው ሁሉም ሰው እያየው የሚያልፈው ነገር ነው፤ ቦኖ፣ ክሊኒክ፣ መሻገሪያ፣ ቦይ፣ ከፍ ያለ መሬት፣ መኪና የሚያልፍበትና የማያልፍበት መንገድ፣ በሌሊት የሚከፈት በር፣ አጥር የዘጋው መውጫ። አጥርን ለብቻው ልጥራው። በማርች 22 ቀን 2021 በኮክስ ባዛር የሮሂንጊያ ካምፕ እሳት ተነሥቶ 45 ሺህ ያህል ሰው ቤት አልባ አደረገ፤ ሰዎችም ሞቱ። ሸሽተው የሚወጡትን የሽቦ አጥር ያዛቸው። የሽቦ አጥር ከሳተላይት አይታይም፤ ከውስጡ ለሚሮጥ ሰው ግን ከሁሉ በላይ የሚታየው እሱ ነው። እኛ የሽቦው ቢቀርልን የማቴንጌ እሾህ አጥር አለን፤ እሾኽ ደግሞ ራሱ ይነዳል። በእያንዳንዱ ብሎክ ሁለት መውጫ አለን ወይ? ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያሻም፤ ዞሮ ማየት ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ ያንኑ ጽፎ ለብሎክ መሪው መስጠት ነው።

ወጣቶቹንም ሳልነካ አላልፍም፤ ምክንያቱም ስልኩን ራሱን ታቦት አድርገውታል። ልጆች፣ ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ኔትወርክ ነው፤ ቀጥሎ ቻርጅ። ያን ሌሊት እናታችሁ ስልክ ከፍታ ካርታ አታጎላም። ስለዚህ የሰበሰባችሁት ሁሉ ወረቀት ላይ ይውጣ። በትልቁ ተገልብጦ በየቦኖው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በአማርኛ ብቻም አይሁን፤ ላጋው የሶማሌውንም፣ የዲንቃውንም፣ የኮንጎውንም ልጅ ይወስዳል፤ ውኃው እንዴት እንደሚመጣ ከሁላችን አስቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ ቱርካናው ነው፤ እሱን ሳትጠይቁ የላጋ መስመር የምታሠምሩ ከሆነ ከሎንዶኑ ሰው በምን ትሻላላችሁ? ማንበብ ለማይችሉም ሥዕል ይሣል። ከዚያ በየዝናቡ ወር ዋዜማ ይታረም። ቦኖ ይፈርሳል፣ መንገድ ይቈረጣል፤ ያልታረመ ካርታ ደግሞ ከሌለ ካርታ ይከፋል፤ ሰው ያምነዋልና።

ቢሮዎቹንም በዚሁ ገጽ እንጠይቃለን። ከእኛ የሚወጣውን ቁጥር አምቡላንስ ሾፌሮች ስልክ ላይ ጫኑ፤ የብሎክ ቁጥር ስትለውጡ ከመለወጣችሁ በፊት ንገሩን፤ በመጀመሪያው የዝናብ ወር ሳይሆን በደረቁ ወር ቦዩን ጥረጉ፣ የት እንደተደፈነ እናሳያችኋለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ስብሰባ በቅቶናል፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ብርድ ልብስ ከማደል ቦዩን መጥረግ ይረክሳል። በማርች 2025 የኬንያ መንግሥት ይፋ ባደረገው የሺሪካ ዕቅድ ካምፖቹ ቀስ በቀስ ነዋሪና ባለአገር አብረው የሚኖሩባቸው ከተሞች ይሆናሉ ተብሏል። ከተማ ሲባል መንገድ ይወጣል፣ መሬት ይመደባል። ያኔ በሰነድ ላይ የሚገኘው ቦይና መሻገሪያ ማን የመዘገበው እንደሆነ ከወዲሁ እናስብ።

የገጽ ወረቀት ስለሚያጥረን እዚህ ላቁም። ወንድማችን መልስ እንደሚጽፉ አልጠራጠርም፤ ይህ መድረክም ለሳቸው ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። መልሳቸውን ከመጀመራቸው በፊት ከቤታቸው ወጥተው እስከሚቀርባቸው ቦኖ ድረስ ይሂዱ፤ መንገዱን፣ ቦዩን፣ መውጫውን በወረቀት ላይ በእጃቸው ይሣሉልንና ከጽሑፋቸው ጋር ይላኩልን። የእሳቸው ብሎክ ገና አልተነሣም።